ወደ ኋላ በሚፈስ ወንዝ ላይ

ዳርትመዝ ከተማ ውስጥ ባቡር ደርሶበት የማያውቅ የባቡር ጣቢያ አለ። ሕንጻው ወንዙ ዳር፣ ከጀልባ መሳፈሪያው አጠገብ ነው። ትኬት ተሽጦበታል፤ መንገደኛ ሻንጣውን ይዞ ተሰልፎበታል፤ ሐዲድ ግን ተዘርግቶለት አያውቅም። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1864 ከወንዙ ማዶ እስካለችው ኪንግስዌር መንደር ድረስ መጣና እዚያው ቆመ። (እዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመቶች በሙሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የዳርትመዝ ሰው ትኬቱን በገዛ ከተማው ቆርጦ፣ በጀልባ ተሻግሮ፣ ባቡሩን ማዶ ይሳፈር ነበር። ዛሬ ጣቢያው ምግብ ቤት ሆኗል። ጀልባዋ ግን አሁንም ትመላለሳለች፤ ማዶም በእንፋሎት የሚሄድ ባቡር ጎብኚዎችን ከፔይንተን ከተማ እያመጣ ያራግፋል።

በእንግሊዝ ደቡብ ምዕራብ፣ ዴቨን ውስጥ የሚገኘውን የዳርት ወንዝ ከሌሎች ለይቼ የወደድኩት በዚህ ምክንያት ነው። እዚህ ሰው ከወንዙ ጋር ተስማምቶ ይኖራል። ከቶትነስ ከተማ ጀምሮ ወንዙ ባሕር እስከሚገባበት ድረስ አንድም ድልድይ የለም። መኪናውን ይዞ ዳርትመዝ የቆመ ሰው፣ የቤቶቹን መስኮት ሳይቀር በዓይኑ የሚያየውን ማዶ ለመርገጥ ወይ ፌሪ የሚባለውን ማሻገሪያ ይጠብቃል፣ ወይ ቶትነስ ድረስ ወጥቶ ዞሮ ይመጣል። በ19ኛው መቶ ዘመን ድልድይ ለመሥራት ታስቦ ነበር፤ ሐሳቡ ሳይሳካ ቀረ። ስለዚህ ተማሪው፣ አናጢው፣ ሐኪሙ፣ ገበያተኛው በውኃ ላይ ይገናኛል።

ደጋ ተወልዶ ላደገ ኢትዮጵያዊ ይህ ወንዝ መጀመሪያ ግር ይላል። እኛ የምናውቀው ወንዝ አንድ አቅጣጫ ብቻ ነው ያለው፤ ዓባይ ከጣና ከወጣ ወጣ ነው። ዳርት ግን በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ኋላ ይፈሳል። ዳርትሙር ከሚባለው ቀዝቃዛ ደጋ ሁለት ወንዝ ሆኖ ይነሳል፤ ዳርትሚት ላይ ይገናኝና በድንጋይ መካከል እየተጣደፈ ይወርዳል። ቶትነስ ካለው ከትር ሥር ሲደርስ የባሕሩ ውኃ ይቀበለዋል። ባሕሩ ሲሞላ ጨው ያለበት ውኃ ወደ ላይ ይወጣል፤ ሲጎድል ሁለቱም አብረው ይወርዳሉ። ከአንዱ ሙላት እስከሚቀጥለው 12 ሰዓት ከ25 ደቂቃ ያህል ይፈጃል፤ ስለዚህ የሙላቱ ሰዓት በየቀኑ ወደ 50 ደቂቃ ገደማ እየዘገየ ይሄዳል። ጨረቃ ሙሉ ስትሆንና አዲስ ስትወጣ፣ ዳርትመዝ ላይ በሙላቱና በጉድለቱ መካከል ያለው የከፍታ ልዩነት ከ4 ሜትር ያልፋል። ጨረቃ ግማሽ በሆነችባቸው ቀናት ልዩነቱ ወደ 2 ሜትር ይወርዳል።

ይህን በቁጥር ማንበብ ሌላ፣ በእግር መርገጥ ሌላ ነው። መሳፈሪያዎቹ ከውኃው ጋር የሚወጡና የሚወርዱ ተንሳፋፊዎች ናቸው፤ ከመሬት ጋር የሚያገናኛቸው በማጠፊያ የታሰረ የብረት መሸጋገሪያ ነው። በጠዋት የእጅ መደገፊያውን ይዤ ቁልቁል የወረድኩበት መሸጋገሪያ ከሰዓት በኋላ ሜዳ ሆኖ ጠበቀኝ። ጠዋት በጭቃ ላይ በጎናቸው ተኝተው ያየኋቸው ትንንሽ ጀልባዎች ቀና ብለው፣ አፍንጫቸውን ሁሉም ወደ አንድ ወገን አዙረው ይዋኛሉ። የአካባቢው ሰው ሰዓቱን የሚያየው ሁለት ጊዜ ነው፤ አንዴ በእጁ ላይ፣ አንዴ በሙላት ሰሌዳው ላይ።

ሸለቆው እንዲህ ያለ መልክ የያዘው ባሕሩ ስለወረሰው ነው። የመጨረሻው የበረዶ ዘመን ሲያበቃ በረዶው ቀለጠ፣ የባሕሩ ከፍታ ጨመረ፣ ወንዙ ቀድሞ ቆፍሮት የነበረው ጥልቅ ሸለቆም በውኃ ተሞላ። ዛሬ ኮረብታዎቹ ቀጥ ብለው ውኃው ውስጥ የሚገቡት፣ ትልልቅ መርከቦችም ወደ መሬት ተጠግተው መቆም የሚችሉት ለዚህ ነው። ከጥንት ጀምሮ መርከብ የሰበሰበ ሁሉ ወደዚህ ይመጣ የነበረውም ለዚሁ ነው። በ1147 እና በ1190 የመስቀል ጦርነት መርከቦች እዚህ ተሰብስበው ተነሥተዋል። ወደ አሜሪካ የሚሄዱትን ፒልግሪም የተባሉ ሰፋሪዎች የያዙት ሜይፍላወርና ስፒድዌል በ1620 ለጥገና ጎራ ብለውበታል። በ1944 ወደ ኖርማንዲ ከዘመቱት መርከቦች ከ400 የሚበልጡት የወጡት በዚህች ጠባብ በር ነው። በሩ ላይ ግራና ቀኝ ምሽግ ቆሟል፤ በአደጋ ጊዜ ከዳር እስከ ዳር ሰንሰለት ተወጥሮ መግቢያው ይዘጋ ነበር። እነዚህን ታሪኮች የሚዘክሩ ሰሌዳዎች በከተማው ሞልተዋል፤ እኔን ግን ከሁሉም በላይ የያዘኝ ዛሬም ያላቋረጠው መመላለስ ነው።

ከኪንግስዌር ወደ ዳርትመዝ ሰው ብቻ የምታሻግረው ጀልባ ትንሽ ናት። ጉዞው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ አግዳሚው ላይ ተደላድሎ ለመቀመጥ እንኳ አያደርስም። ቦርሳቸውን በአንድ ትከሻ ያንጠለጠሉ ተማሪዎች ከፊት ቆመው ያወራሉ። ውሻ የያዙ አንዲት ሴትዮ ሲገቡ ገመድ ያዡ ልጅ እጃቸውን ይዞ፣ «ጉልበትዎ እንዴት ሆነ?» አላቸው። «ዳገቱ ላይ ያስቸግረኛል እንጂ ደህና ነኝ፤ እናትህስ?» አሉት። መልሱን ሳይጨርስ ደረስን። ቀሪውን ሲመለሱ እንደሚነግራቸው ተስማሙ። በመኪና ድልድይ ተሻግረው ቢሆን ኖሮ እነዚህ ሁለት ሰዎች በዚያ ቀን አይተያዩም ነበር።

ታችኛው ፌሪ የሚባለው ደግሞ መኪና የሚያሻግረው ነው። እዚህ ቦታ ማሻገር የተጀመረው በመካከለኛው ዘመን ነው። ዛሬ የሚሠራበት መንገድ ግን ቆሞ መታየት ያለበት ነው። መኪኖቹ የሚጫኑበት የራሱ ሞተር የሌለው ጠፍጣፋ የብረት መድረክ ነው፤ 8 መኪና ያህል ይይዛል። የሚያንቀሳቅሰው በጎኑ በገመድ የታሰረ ትንሽ፣ ጉልበተኛ ጀልባ ነው። ችግሩ መድረኩ በሁለቱም ጫፍ መኪና የሚያስገባና የሚያስወጣ መሆኑ ነው፤ ለመመለስ መድረኩ መዞር አያስፈልገውም፣ ገፊው ጀልባ ግን ፊቱን ማዞር አለበት። ስለዚህ ከዳር ትንሽ ፈቀቅ እንዳሉ ሠራተኛው ጎንበስ ብሎ የፊተኛውን ገመድ ከብረት ምሰሶው ላይ ይፈታል። ጀልባው በቀረችው አንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥሎ፣ የወንዙን ጉልበት ጭምር እየተጠቀመ፣ በመድረኩ ጎን ግማሽ ክብ ይዞራል። አፍንጫው ወደ ማዶ ሲዞር ሠራተኛው ያንኑ ክንድ የሚያክል እርጥብ ገመድ ወርውሮ ሁለቱን ምሰሶዎች እያፈራረቀ ይጠመጥምበታል፤ ገመዱ ሲጠብቅ ውኃው እየተጨመቀ ይንጠባጠባል። ይህ ሁሉ ሲሆን መድረኩ መንገዱን አላቆመም። መኪና ውስጥ የተቀመጡት አብዛኞቹ ስልካቸውን ያያሉ። እኔ ግን ይህን የገመድ ሥራ ለማየት ብቻ ደጋግሜ ተሻግሬያለሁ፤ የውኃው ኃይል ከታች ሲገፋና ከላይ ሲመጣ ሠራተኛው የሚፈታበት ቅጽበት አንድ አይደለም። መቼ መፍታት እንዳለበት የሚያውቀው ውኃውን አይቶ ነው።

ላይኛው ፌሪ ከዚህ ይለያል። እሱን የሚመራው ከዳር እስከ ዳር የተዘረጋ የሽቦ ገመድ ነው። የመጀመሪያው፣ ጄምስ ሬንደል የተባለ መሐንዲስ የሠራው፣ በ1831 ሥራ ጀመረ፤ አሁን ያለው ከ2009 ጀምሮ የሚሠራ ሲሆን 32 መኪና በአንድ ጊዜ ይጭናል። ፈጣንና ምቹ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ግን የመኪናው ሰልፍ ዳገቱን ይዞ ወደ ላይ ይረዝማል፤ ሥራ የሚረፍድበት፣ ሐኪም ቤት ቀጠሮ ያለው ሰው ይጨነቃል። ይህን ችግር አቅልዬ አላየውም። ቢሆንም ድልድይ አለመኖሩ ለዚህ ሸለቆ ያቆየለትን ነገር ለማየት ጀልባ ይዞ ወደ ላይ መውጣት ይበቃል፤ ከሁለቱ ፌሪዎች በላይ ከተማ የሚባል ነገር እስከ ቶትነስ ድረስ የለም። ወንዙ ያለበት የደቡብ ዴቨን ምድር ከ1960 ጀምሮ በልዩ የተፈጥሮ ውበቱ በሕግ የተጠበቀ ነው።

ወደ ቶትነስ የሚወጣው የጉብኝት ጀልባ ከዳርትመዝ ሲነሣ መጀመሪያ የሚታየው በስተግራ ኮረብታው ላይ የተንጣለለው ቀይና ነጭ ሕንጻ ነው፤ የብሪታንያ የባሕር ኃይል መኰንኖች የሚሠለጥኑበት ኮሌጅ። ሕንጻው በ1905 ከመከፈቱ በፊት ዕጩ መኰንኖቹ የሚማሩት እዚሁ ወንዙ ላይ በቆሙ አሮጌ የጦር መርከቦች ውስጥ ነበር። በሐምሌ 1939 የ13 ዓመቷ ልዕልት ኤልሳቤጥ ከወላጆቻቸው ጋር ኮሌጁን ሲጎበኙ፣ በኋላ ባለቤታቸው የሆኑትን የ18 ዓመቱን ዕጩ መኰንን ፊሊፕን እዚህ አገኟቸው። በ1965 ከቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ጋር በአዲስ አበባ ጎዳናዎች አባቶቻችንና እናቶቻችን ወጥተው የተቀበሏቸው ንግሥትና ልዑል እነዚሁ ናቸው።

ትንሽ አለፍ ብሎ በስተቀኝ ኖስ የሚባል ቦታ አለ። አሁን የመዝናኛ ጀልባዎች ማቆሚያ ነው፤ ቀድሞ ግን «ፊሊፕ ኤንድ ሰን» የሚባል የመርከብ ሥራ ድርጅት ነበር። በ1942 በጀርመን አውሮፕላኖች ተደብድቦ በሥራ ላይ የነበሩ ሠራተኞች ሞተውበታል። ከዚህ ቦታ የወጣች አንዲት መርከብ ዛሬም በወንዙ ላይ አለች፤ ወደ እሷ እመለሳለሁ።

ከኖስ በላይ፣ በወንዙ መሐል፣ ሙላት ሲሆን የምትሰወር አንዲት አለት አለች። እንግሊዛዊው አሳሽ ሰር ዋልተር ራሊ እዚህ ላይ ቁጭ ብለው ትንባሆ ያጨሱ ነበር የሚል አፈ ታሪክ አላት። በስተግራ ዲትሻም መንደር ነጫጭ ቤቶቿን ደርድራ ትታያለች፤ ፕለም በሚባለው ፍሬዋ የታወቀች ናት። በስተቀኝ፣ ከዛፎቹ መካከል፣ የግሪንዌይ ቤት ብቅ ይላል። የወንጀል ልብ ወለድ ደራሲዋ አጋታ ክሪስቲ በ1938 በ6,000 ፓውንድ የገዛችው የዕረፍት ቤት ነው። ታች ውኃው ዳር ያለው የጀልባ ቤት በአንዱ ልብ ወለዷ ውስጥ ግድያ የሚፈጸምበት ቦታ ሆኗል፤ ጀልባው ሲደርስ ሁሉም ካሜራውን ያወጣል። እኔን የነካኝ ሌላ ነገር ነው። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ቤቱን ይዘውት የነበሩት የአሜሪካ የባሕር ጠረፍ ጠባቂዎች ነበሩ፤ ከመካከላቸው አንዱ በቤተ መጻሕፍቱ ግድግዳ ላይ፣ ከጣሪያው ሥር ዙሪያውን፣ ክፍላቸው የተጓዘበትን መንገድ ሥሎበታል። ጦርነቱ አልቆ ቤቱ ሲመለስላት አጋታ ክሪስቲ ሥዕሉን አላጠፋችውም። ቤተሰቧ በ2000 ቤቱን ለብሔራዊ ቅርስ ጠባቂው ድርጅት ሰጥቷል፤ ሥዕሉ አሁንም አለ።

ዲትሻምንና ግሪንዌይን የምታገናኘው ጀልባ የጊዜ ሰሌዳ ብትጠብቁ አታገኙላትም፤ ደወል አለላት። ውኃው ዳር፣ ምሰሶ ላይ የተሰቀለ ደወል ነው፤ ጀልባዋ ማዶ ካለች ገመዱን ስቦ መደወል ነው። እኔ ነካ ነካ ሳደርገው፣ ግንቡ ላይ ተቀምጠው ክር የሚፈቱ አንድ ሽማግሌ «ጠንከር አድርገው ይሳቡት፤ ነፋሱ ከወዲያ ነው የሚመጣው» አሉኝ። ጠንከር አድርጌ ሳብኩ። ማዶ አንድ ሰው እጁን አነሣ። ሞተር ተነሣ፣ ጀልባዋም ቆመው ከሚዋኙት ጀልባዎች መካከል እየተሹለከለከች መጣች። ሰው ሰውን ጠርቶ የሚሻገርበት እንዲህ ያለ መንገድ፣ ሁሉ ነገር በስልክ በሚታዘዝበት አገር ውስጥ ሳይጠፋ መቆየቱ አስደስቶኛል። ደወሉ የሚሠራው ማዶ የሚያዳምጥ ሰው ስላለ ነው።

ከዲትሻም በኋላ ያለው መንገድ የወንዙ ልብ ነው። ድምፁ ይለወጣል፤ ካፒቴኑም ሞተሩን ያበርደዋል። ግራና ቀኝ የኦክ ዛፎች ከኮረብታው አናት ጀምረው እስከ ውኃው ድረስ ይወርዳሉ። ውኃው ጎድሎ ሳለ ጠጋ ብሎ ላየ ሰው አንድ የሚያስደንቅ ነገር አለ፤ የታችኞቹ ቅርንጫፎች ሁሉ በአንድ መስመር ተስተካክለው ተቆርጠዋል። መቀስ የያዘ ሰው አልነካቸውም። ትልቁ ሙላት የሚደርስበት ከፍታ ላይ ጨው ቅጠሉን ያቃጥለዋል፤ ከዚያ በታች የሚያቆጠቁጥ የለም። መስመሩ በእያንዳንዱ መታጠፊያ፣ በእያንዳንዱ ጥግ ተከትሎን ይሄዳል። ከእሱ በታች ጥቁር አረም የለበሰ ድንጋይ፣ ከዚያ በታች ውኃ የሸሸው የሚያብረቀርቅ ደለል አለ። ደለሉ ላይ ሳቢሳዎች በቀጭን እግራቸው እየተራመዱ ይለቅማሉ። ዓሣ አጥማጁ ትልቅ ጥቁር ወፍ ምሰሶ ላይ ቆሞ ክንፉን ለፀሐይ ዘርግቷል። ሽመላ አንገቷን ቀብራ ትጠብቃለች። ኮረብታው በታረሰበት በኩል ደግሞ የዴቨን አፈር ይታያል፤ ቀይ ነው፣ የደጋ እርሻችንን አፈር ያስታውሳል።

ስቶክ ጌብሪየል መንደር በግድብ ከታጠረው ኩሬዋ ጋር ቶሎ ታልፋለች። ከዚያ ወንዙ ሻርፐም የሚባለውን ርስት ዞሮ ይጠመዘዛል። ጉብታው ላይ ያለውን ቤት ማሠራት የጀመረው ፊልሞን ፓውኖል የተባለ የመርከብ አዛዥ ነው። በ1762 ሄርሚዮን የተባለችውን በወርቅና በብር የተሞላች የስፔን መርከብ ከማረኩት አንዱ ነበር፤ የባሕር ሕጉ ምርኮውን ለማራኪዎቹ ያካፍል ስለነበር ከድርሻው ይህን ርስት ገዛ። ዳገቱ ላይ ለብዙ ዓመታት ወይን ሲለማ ቆይቷል። ወንዙ እዚህ ላይ እጅግ ስለሚጠማዘዝ ያው ቤት አንዴ ከፊት፣ አንዴ ከጎን፣ አንዴ ከኋላ ይመጣል።

ከኖስ ወጣች ያልኳት መርከብ ኪንግስዌር ካስል ትባላለች። ኖስ ላይ በ1924 የተሠራች፣ በጎንና በጎኗ ባሉ ትልልቅ መቅዘፊያ መንኮራኩሮች የምትሄድ የእንፋሎት መርከብ ናት፤ በብሪታንያ በድንጋይ ከሰል ከሚሠሩት መሰሎቿ በሥራ ላይ የቀረችው እሷ ብቻ ናት። በ1960ዎቹ ከዚህ ወንዝ ወጥታ ነበር፤ ለብዙ ዓመታት በኬንት፣ ሜድዌይ ወንዝ ላይ ከሠራች በኋላ በ2012 መገባደጃ ተመልሳ መጣች። ተሳፋሪ ወደ ሞተሩ ክፍል አንገቱን አስግጎ ማየት ይችላል፤ የዘይትና የከሰል ሽታ ያለበት ሙቀት ፊት ላይ ይመታል፤ የነሐሱ ክፍሎች ተወልውለው ያበራሉ፤ የብረት ክንዶቹ ሲወጡና ሲገቡ የሚያሰሙት ድምፅ ለስላሳ ነው፤ ጎኑ ቆሞ ማውራት ይቻላል። የእንፋሎት ሞተርን በ1712 ለሥራ ያበቃው ቶማስ ኒውኮመን የዳርትመዝ ተወላጅ መሆኑን ሳስብ፣ ይህ ሞተር አገሩ ላይ እንዳለ ተሰማኝ። ሞተሩ በዕድሜ ከመርከቧ ይበልጣል፤ የ1904 ሥሪት ነው። ያኔ የተገጠመው ተመሳሳይ ስም ለነበራት ለቀድሞዋ ኪንግስዌር ካስል ነበር። እሷ ስታረጅ ልቧን አውጥተው ለአዲሷ ሰጧት። የቀድሞዋ ቀፎ ተላላፊ በሽታ ለያዛቸው ሰዎች ማግለያ ሆኖ አገልግሎ፣ በመጨረሻ ከቶትነስ በታች ፍሊት ሚል በሚባለው ቦታ ተጣለ። ውኃው ሲጎድል የዛገ አጥንቷ ከደለሉ ላይ ብቅ ይላል። ካፒቴኑ በጣቱ ሲያሳየን ተሳፋሪው ሁሉ ወደ አንድ ጎን መጣ።

ይህችን መርከብ የሚያቆዩአት ከሰል የሚጭኑ፣ ነሐስ የሚወለውሉ፣ ቀለም የሚቀቡ ሰዎች ናቸው። የጣና የቆዩ ጀልባዎች ታሪክም እንዲህ የሚንከባከብ እጅ ቢያገኝ ስል ተመኘሁ፤ ጣልያን በ1930ዎቹ ያመጣቸው፣ ከባሕር ዳር ጎርጎራ ሲመላለሱ የኖሩት ጀልባዎች ያሻገሩትን ሰው ታሪክ የሚያስታውሱ አዛውንቶች ዛሬም አሉና።

ከፍሊት ሚል በኋላ ወንዙ ይጠባል፤ ሸምበቆው ከግራም ከቀኝም ይጠጋል። የቶትነስ ቤተ ክርስቲያን ቀይ ግንብ ከርቀት ይታያል። ጀልባው እዚህ የሚደርሰው ውኃው ሲሞላ ብቻ ስለሆነ ብዙ አይቆይም። በመሳፈሪያው ላይ የተለጠፈው የጊዜ ሰሌዳ ረጅም ነው፤ ለእያንዳንዱ ቀን ለብቻው ሰዓት ተጽፎበታል። በአንዳንድ ቀን እስከዚህ የሚመጣ ጀልባ ጭራሽ የለም።

ለንደን ለሚኖር ወገን መንገዱ ቀላል ነው። ከፓዲንግተን ጣቢያ ተነሥቶ ወደ ፕሊመዝ የሚሄደው ባቡር ቶትነስ ላይ ይቆማል፤ ከጣቢያው እስከ ጀልባው መሳፈሪያ በእግር ይደረሳል። ጀልባዎቹ በብዛት የሚሠሩት ከሚያዝያ እስከ ጥቅምት ነው። የባቡሩን ትኬት ከመቁረጥ በፊት ግን የዚያን ቀን የሙላት ሰዓት ማየት ያስፈልጋል። ሙላቱ ከቀትር በፊት ከዋለ ከቶትነስ ተነሥቶ ከሚሸሸው ውኃ ጋር ወደ ዳርትመዝ መውረድ፣ ከሰዓት በኋላውን በፌሪዎቹ ላይ ማሳለፍና ማዶ ተሻግሮ በኪንግስዌር ባቡር ወደ ፔይንተን መውጣት ይቻላል፤ ከዚያ ወደ ለንደን የሚመልስ መስመር አለ።